በጭነት መኪናው መርገጫ ላይ የቆመችው ሴት

ሥዕሉ የመጣው ከቆሻሻ ወረቀት ጋር ነው። ያኔ ቃሊቲ ውስጥ አሮጌ ወረቀት አቡክቶ ካርቶን በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ከየማተሚያ ቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ እየታሰረ የሚመጣውን ወረቀት መለየት ነው፤ ነጩን ለብቻ፣ ጋዜጣውን ለብቻ፣ ካርቶኑን ለብቻ። አንድ ማለዳ፣ ሥራ ካቆመ ማተሚያ ቤት የመጣ እስር ሲፈታ ከመሃሉ የጠረጴዛ ግማሽ የሚያህል ወፍራም ካርቶን ተንሸራቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ፊቱ ወደ መሬት ነበር። ወደ ካርቶኑ ክምር ልወረውረው ሳነሳው የደረቀ ቀለም ሻካራነት ጣቴ ላይ ተሰማኝና ገለበጥኩት።

አንዲት ሴት በጭነት መኪና መርገጫ ላይ ቆማለች። በግራ እጇ የመኪናውን መስታወት ብረት ይዛ፣ በቀኝ እጇ ሽጉጥ አነጣጥራለች። ቢጫ ቀሚሷን ነፋስ ነፍቶታል። አንድ እግሯ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። ከኋላዋ አቧራና ቀይ ተራራ።

አውቃታለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ በመጽሔት ሽፋን ላይ አይቻታለሁ። መጽሔቱ ላይ ፊቷ ከሳንቲም አይበልጥም ነበር፤ እዚህ ግን መዳፌን ያህላል፣ ከከንፈሯ ሥር ያለው ማርያም የሳመችው ምልክት ሳይቀር ይታያል። መጽሔቱ ላይ በትልልቅ ፊደላት ተሸፍኖ የነበረው ሰማይ ባዶ ነው፤ መሃሉ ላይ በእርሳስ «ርዕስ እዚህ» ተብሎ ተጽፏል። ጠርዙ ላይ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ «ደሙ ይቀነስ» ይላል። ምንም ደም አልታየኝም። ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው በትከሻዋ በኩል ቢጫው ቀለም ከሌላው ቦታ ወፈር ብሏል፤ ከሥሩ ቀይ ነገር አለ።

አለቃዬ ዘንድ ሄጄ «ይህን ልውሰደው?» አልኩት።

«ካርቶን አይደል እንዴ?»

«ካርቶን ነው።»

«ውሰጂዋ፤ እኛ ጋ የጠፋው ካርቶን ነው?» አለኝና ወደ ሥራው ዞረ።

ማታ ታክሲ ላይ ይዤው ልገባ ስል ረዳቱ «እሱ ጣራ ላይ ነው የሚሄደው» አለኝ። ጣራ ላይ ማሰር አልፈለግኩም። ቤቴ እስካለበት አቃቂ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ከባድ መኪኖች እያለፉ ነፋሳቸው ካርቶኑን እንደ ሸራ ሲገፋው ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ አስፋልቱ ሊጥለኝ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ሳሪስ መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግተው መጽሔት የሚሸጡ ሰዎች ድንገት በዝተው ነበር። ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ ነበር፣ ስለ ፍቅር የሚጽፍ ነበር፣ ስለ ጥንቆላም የሚጽፍ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የሚገዛው ግን የጀብዱ መጽሔት ነው። ውስጡ ከአዞ ጋር የሚታገል አዳኝ፣ ከባቡር ላይ የሚዘል ሰላይ፣ ኮንትሮባንዲስቶችን በረሃ ለበረሃ የሚያሳድድ የአሰብ መኪና ሹፌር አይጠፋም። ለወንዶች የተጻፈ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ከሽፋኑ ያስታውቃል። ሽፋኑ ላይ ያሉት ሴቶች ወይ ታስረዋል፣ ወይ ከገደል እየወደቁ ነው፣ ወይ ራሳቸውን ስተው አንድ ጡንቸኛ ሰው ተሸክሟቸዋል። በራሷ እግር ቆማ ያየሁት ያቺን አንዷን ብቻ ነው።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ካየ ከሰል ያቀጣጥልበታል። ወንድሜ አንብቦ ሲጨርስ ፍራሹ ሥር ይደብቀዋል፤ እኔ ከዚያ አውጥቼ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ተቀምጬ አነባለሁ። ያቺ ሴት ያለችበትን ግን አልመለስኩም። ሽፋኑን ቀድጄ የሂሳብ ደብተሬ ውስጥ ለጠፍኩት። በኋላ ደብተሩም ጠፋ።

ሥዕሉን ይዤ የገባሁ ዕለት ባለቤቴ ቀና ብሎ አየውና «ማናት?» አለኝ። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጩኸት ሲሰማ ስለሚውል ቤት ውስጥ ብዙ አይናገርም።

«የመጽሔት ሥዕል ናት። ዋናው ነው፤ በእጅ የተሣለው።»

«ጫማዋስ?»

«አላውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። እሷ ከተገኘች ሌሎቹስ የት ሄዱ? በየወሩ አንድ መጽሔት ይወጣ ነበር፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሰው ተቀምጦ ሥሏል። ፋብሪካ ውስጥ እስር በተፈታ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። የሌላውን ሠራተኛ ክምር ሳይቀር እበረብር ስለነበር ወሬ ተነሳ፤ አንዷ ወርቅ ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስንት እንዲህ ያለ ሥዕል እኔው ራሴ ወደ ማቡኪያው ገንዳ ልኬ ይሆን እያልኩ ሥራዬን መጥላት ጀመርኩ።

የተዘጋው ማተሚያ ቤት ዘበኛ እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ጠቆመኝ። ቤቱ ከእኛው ሰፈር ብዙ አይርቅም፤ አቃቂ ወንዙ አጠገብ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ሥዕሎቹን ፎቶ እያነሳ ለኅትመት የሚያዘጋጅ ሰው ነበር፤ አሁን ዶሮ ያረባል።

«ፎቶ ካነሳነው በኋላ ማን ይፈልገዋል?» አለኝ። «ሠዓሊውም ሊወስድ አይመጣም፤ የሚቀጥለውን ይዞ ነው የሚመጣው። ጥግ ላይ ይቆለላል። ሠራተኛው ለፈለገው ነገር ይወስደዋል።»

«አንተስ ወስደህ ነበር?»

ወደ ዶሮ ቤቱ መራኝ። የጎኑ ግድግዳ ካርቶን ነው። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ ሳይ አንድ አዳኝ የነብር አንገት ይዞ ሲታገል ዶሮዎቹ ከሥሩ ተኮልኩለዋል። ነብሩ እስከ ወገቡ በዶሮ ኩስ ተለብጧል። በማግስቱ ቆርቆሮና ምስማር ይዤ ሄጄ ግድግዳውን በቆርቆሮ ተካሁለትና ነብሩን ይዤ ተመለስኩ።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት አለፈ። አንዱን ሥዕል ከሌላ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ቁም ሣጥን ጀርባ ላይ በምስማር ተመትቶ አገኘሁት። የሚቃጠል መርከብ ያለበትን ሳሪስ አንድ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁ፤ መካኒኩ መኪና ሥር ሲገባ የሚተኛበት ነው፣ ባሕሩ በዘይት ጠቁሯል። «ሌላ መተኛ አምጪልኝና ውሰጂው» አለኝ፤ አመጣሁለት። ቤታችን አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ነው። ሥዕሎቹ አልጋ ሥር፣ ከቡፌው ጀርባ፣ ከበሩ ኋላ ገቡ። ያቺን ሴት ብቻ ሳሎን ሰቀልኳት። የዕድር ሴቶች ሲመጡ ሽጉጡን አይተው እርስ በርስ ይተያያሉ።

ባለቤቴ አልተቆጣኝም። አንድ እሁድ ጫማዬን ሳጠልቅ አይቶኝ ብቻ እንዲህ አለ፦

«ስታገኚ እንኳ ደስ ብሎሽ አላየሁም። ባገኘሽ ማግስት ደግሞ ጫማሽን ታጠልቂያለሽ። ምን ቢገኝ ነው የምትቀመጪው?»

እውነቱን ነው። ግን ወጣሁ።

ሥዕሎቹ ሁሉ በስተቀኝ ጥጋቸው የዶሮ እግር የመሰለች ሦስት ጭረት አላቸው። ሌላ ፊርማ የለም። ዶሮ አርቢው ሰውዬ ጭረቷን ሳሳየው ነው የነገረኝ፦ «ይሄማ የማስታወቂያ ጸሐፊው ነው። ሳሪስ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነበር ሱቁ።»

ሱቁ ተዘግቶ ቆርቆሮ በሩ ላይ ዝገት ወጥቶበታል፤ ሰውየው ግን ከኋላ ባለው ቤት ይኖራሉ። ከስድሳ በላይ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሲናገሩ በግራው ይይዙታል። ስለ መጽሔቱ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ። «እኔ የሱቅ ማስታወቂያ ነው ስጽፍ የነበረው። ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥዕሏን በአንሶላ ጠቅልዬ ወሰድኩና ፊታቸው ገለጥኩት። ከዚያ ወንበር ሳብ አድርገው ቀረቡና ማርያም የሳመችውን ቦታ በጣታቸው ጫፍ ነኩት።

«ባለቤቴ ናት» አሉ። «ለሞዴል የሚከፈል ገንዘብ የት ይገኛል? እሷን አቁሜ ነው የሣልኩት። በእጇ ያለው የወጥ ማማሰያ ነበር፤ ሽጉጡን ከሐሳቤ ነው ያመጣሁት።»

«ጫማውስ ጋሼ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «የአንዱ ተረከዝ ተነቅሎ ሊስትሮ ጋ ነበር። ያየሁትን ሣልኩ። መጽሔቱ ሲወጣ አንባቢው ጫማዋን ምን ነካው እያለ ደብዳቤ ጻፈ። የታሪኩ ጸሐፊ ተናዶ መጣብኝ፤ ታሪኩ ውስጥ ጫማ የሚባል ነገር የለማ። በኋላ በሚቀጥለው እትም ጭቃ ውስጥ አስቀረላት።»

ባለቤታቸው በዚያ ሰዓት ገበያ ነበሩ፤ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸጣሉ። ሥዕሉን አልቆ እንዳላዩት ሰውየው ነገሩኝ። እሳቸው ሌሊቱን ቀብተው ጨርሰው ሳይደርቅ ነው ወደ ማተሚያ ቤት ይዘውት የሄዱት። ከዚያ «ጥጉ ተልጧል። ለአንድ ሳምንት ተዪልኝና ላድሰው» አሉኝ። ያንን እጅ አየሁ። እምቢ ማለት ግን እንዴት ይቻላል? የሣሉት እሳቸው ናቸው። ትቼው ሄድኩ።

ያ ሳምንት አላለቀልኝም። ፋብሪካ ውስጥ ጋዜጣውን ከነጩ ጋር አደባልቄ ተቆጡኝ። ሳሎን የነበረችበት ቦታ ላይ ምስማሩ ብቻውን ቀርቷል። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ወጥቼ ሳሪስ ድረስ ሄድኩና በራቸው ላይ ደርሼ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የተላጠው ጥግ ጥሩ ሆኖ ተሞልቷል፤ አቧራው ከአቧራው ጋር ገጥሟል። ዓይኔን ከዚያ ሳነሳ ነው ትከሻዋን ያየሁት። ነጭ ነጠላ ተከናንባለች። ሽጉጡ የለም፤ በዚያ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ይዛለች። ባዶ እግሯ ጥቁር ጫማ አግኝቷል። መኪና መርገጫ ላይ ቆማ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ሴት ሆናለች።

«ምን አደረጉት ጋሼ?»

«አስተካከልኩት» አሉ። በጣም ደክመው ነበር፤ ፂማቸው አድጓል፣ ልብሳቸው ላይ ነጭ ቀለም አለ። «ያኔ ልጅ ነበርኩ። ሚስቴን እንደዚያ አድርጌ ለአገር አሳየኋት። ሲቆረቁረኝ ነው የኖረው። እግዜር አንቺን ላከልኝ።»

አንሶላዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልጮህባቸው ፈለግኩ፣ ያንን የሚንቀጠቀጥ እጃቸውንም ልስመው ፈለግኩ፤ አንዱንም አላደረግኩም።

በዚህ መሃል ባለቤታቸው ዘንቢል አንጠልጥለው ገቡ። አጠር ያሉ፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሴት ናቸው። ምልክቷ ከከንፈራቸው ሥር አለች። ዘንቢሉን አስቀምጠው ሥዕሉን አዩ።

«ማናት ይቺ?» አሉ።

«አንቺ ነሽ» አሏቸው ባላቸው። «ያኔ የሣልኩሽ።»

«ነጠላ ለብሼ ነው የቆምኩት?»

ሰውየው ልብሳቸው ላይ ያለውን ነጭ ቀለም በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር።

«ነጠላ አልነበረኝም። ቢጫዋን ቀሚስ ነው የለበስኩት። እግሬ እስኪያብጥ ግማሽ ቀን አቁመኸኛል፤ ረሳኸው?»

«አሁን የማኅበር ሰው ነሽ። ሰው ቢያይሽ...»

«ማን ሸፍነኝ አለህ?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ቀለሙ ደርቋል?»

«ጫማው ደርቋል። ነጠላውን ግን ትናንት ነው የቀባሁት።»

ሴትዮዋ መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ጠርሙሶች ሽታውን እያሸተቱ አኳራጁን፣ የቀለም ማቅጠኛውን፣ ለይተው አነሱ። ከአሮጌ ሸሚዝ ላይ ቁራጭ ቀደው ነከሩና ትከሻዋ ላይ ይፈትጉ ጀመር። ነጩ ተንሸራተተ፣ ቢጫው ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፤ የሥሩ አብሮ እንዳይነሳ» አልኩና ተንበርክኬ ሌላ ጨርቅ ያዝኩ። ሁለታችን ጎን ለጎን ስንጠርግ ሰውየው ከወንበራቸው ተነሥተው ሲያዩን ቆዩ። ያስቆሙናል ብዬ ፈራሁ።

«እንዲህ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «አትፈትጉት። ጫን እያደረጋችሁ ብቻ አንሱት፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።» ቀርበው በግራ እጃቸው ቀኙን ይዘው አሳዩን።

ሽጉጡ ሲወጣ ሴትዮዋ በጣታቸው ነኩት። «ማማሰያዬ» አሉ። ጫማው ግን አልለቀቀም፤ ቢጠረግ ቢጠረግ ጥላ የመሰለ ጥቁረት እግሯ ላይ ቀረ።

ስንጨርስ ቤቱ ሽታ ብቻ ሆኗል። በረንዳ ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ሴትዮዋ እጃቸውን በሳሙና እየታጠቡ «አንቺ ግን ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ሽፋኑን ደብተሬ ውስጥ የለጠፍኩ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቃሊቲ ኬላ ድረስ ሄድኩ። የአሰብ መኪኖች ተሰልፈው ቆመው ነበር። ሞተሩ የሚሠራ አንዱን መረጥኩና መርገጫው ላይ ወጥቼ የመስታወቱን ብረት ያዝኩ። ሹፌሩ መስኮቱን አወረደና «ወዴት ነው የኔ እህት?» አለኝ፤ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀኝ። ወዴት እንደምሄድ አስቤው አላውቅም ነበር። አፌን ከፈትኩና ምንም አልወጣም። ወረድኩ። መኪናው ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከዚያ መርገጫ ላይ የወረድኩ መስሎ አይሰማኝም።

ሴትዮዋ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ። «እኔ ደግሞ የቆምኩት በርጩማ ላይ ነው» አሉኝ።

ሁለታችንም አልሳቅንም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦

«መጽሔቱ ላይ ፊቴ አይለይም። ጎረቤት እንኳ አላወቀኝም። እንዲህ መሆኔን ዛሬ ነው ያየሁት። እኔ ጋ ይቆይልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ባላገኘው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ካርቶን ሆኖ ነበር» አልኩ። ስናገረው ራሴን አስጠላኝ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምለምንሽ።»

ወደ ቤት ገባሁና እንደገና አየኋት። አንሶላዬን አጣጥፌ ብብቴ ሥር አደረግኩ። «ይቆይ» ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እስክገባ ድረስ ደህና ነበርኩ፤ ከዚያ ግን ንዴቱ መጣ። በሰውየው ተናደድኩ፣ በሴትዮዋ ተናደድኩ፣ በራሴም ተናደድኩ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ባዶውን አንሶላ አየ። ተነሥቶ ሳሎን ያለውን ምስማር ሊነቅል ሲል «ተወው» አልኩት።

ነብሩን እዚያ ልሰቅል ሞከርኩ፤ አልሆነም። የሚቃጠለውን መርከብም ሞከርኩ፤ በሁለተኛው ቀን አወረድኩት። ምስማሩ እንዲሁ ቀረ።

በኋላ ፋብሪካውን ለቅቄ አንድ መጋዘን ውስጥ ንብረት ክፍል ገባሁ። ሥዕል መፈለጉን ግን አልተውኩም። ከዚያ በኋላ ሌሎች አራት አገኘሁ። ሁሉም የሠዓሊው ናቸው፤ በሁለቱ ላይ ያችው ሴት አለች፣ በአንዱ ታስራ፣ በሌላው ከገደል ስትወድቅ። እነዚያን ለሴትዮዋ አላሳየኋቸውም።

ባልና ሚስቱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው ወደ ኮዬ ፈጬ ከሄዱ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከአውቶቡሱ ወርጄ አንድ ዓይነት ከሆኑት ሕንፃዎች መሃል ብዙ ዞርኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ውኃ ስለማይወጣ ደረጃው ሁሉ ጀሪካን ነው። ሰውየው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው በጣም ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ።

ሥዕሉ ከሶፋው በላይ፣ እንግዳ ሁሉ በሚያየው ቦታ ተሰቅሏል።

«ማናት ብለው ሲጠይቁሽ ምን እንደምትያቸው ንገሪያት» አሉ ሰውየው ወደ ሚስታቸው ዞረው።

«እኔ ነኝ እላለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «በልጅነቴ የአሰብ መኪና ላይ እሠራ ነበር እላቸዋለሁ።»

«ውሸት ነው» አሉ ባላቸው።

«አንተ ዝም በል።»

«ያምናሉ እትዬ?» አልኩ።

«ግማሾቹ ያምናሉ» አሉና ሻይ ሊጥዱ ገቡ።

እሳቸው ወጥ ቤት ሳሉ ሰውየው ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ መጀመሪያ የሣሉትን ሽፋን፣ ከሁሉም በፊት የነበረውን፣ አንድ የመጽሔቱ አዘጋጅ ለራሱ አስቀርቶት እንደነበር ነገሩኝ። አዘጋጁ አሁን ጡረታ ወጥቶ ደብረ ዘይት ይኖራል። ሰፈሩን አስረዱኝ፤ ሐይቁን አልፎ፣ ከድሮው ወፍጮ ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ በር። ሰዓቴን አየሁ። ገና አምስት ሰዓት ነው፤ ከዚህ ወጥቼ ቃሊቲ መናኸሪያ ብደርስ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ደብረ ዘይት እገባለሁ።

«ሻዩ እስኪፈላ እንኳ ቆዪ እንጂ» አሉ ሴትዮዋ ቦርሳዬን ሳነሳ አይተው።

«እመለሳለሁ እትዬ» አልኳቸው፤ ያን ጊዜ በሩን አልፌ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ በጀሪካኖቹ መሃል ነበርኩ።